ያልሄድኩበት ዓርብ

ፌብሩዋሪ 9፣ ሰኞ

ከግዛቱ ጤና ቢሮ ደብዳቤ መጣ። በሽተኛን በየቤቱ የሚንከባከበው ድርጅታችን ፈቃድ በጁን መጨረሻ ያበቃል፤ ከዚያ በፊት ተቆጣጣሪዎች ቀኑን ሳይናገሩ ይመጣሉ። በርል ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ «በይ እንግዲህ አርቬላ፣ ቤቱን ጥረጊ» አለኝ። በርል ሳይዝሞር የአክስቴ ልጅ ነው። ድርጅቱ የሱ ነው፤ መጥረጊያው ግን ምንጊዜም የኔ።

ሁለተኛዋ ነርስ ሆስፒታል ተቀጥራ ትታን ከሄደች ሦስት ሳምንቷ። ለሠላሳ አንድ በሽተኛና ለአሥራ አንድ ተንከባካቢ አንዲት ነርስ ቀረሁ። ነርስ ጎደለ ብሎ ደንብ አይጎድልም፦ ተንከባካቢ በምትገባበት ቤት ሁሉ በየአሥራ አራት ቀኑ ነርስ በአካል መሄድ አለባት። በሽተኛውን ታያለች፣ የተንከባካቢዋን ሥራ ታያለች፣ ቅጽ ትሞላለች፣ በሽተኛው ይፈርማል። አሥራ አምስተኛው ቀን ከነጋብሽ ጥፋት ነው። ወጥ ቤቴ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በቀይ እስክሪብቶ ብዛት ኩፍኝ የያዘው መስሏል።

ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ በረዶ ላይ አይታመንም። ቢሆንም በዚህ ድርጅት በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንዲት ቀን አሳልፌ አላውቅም። ይህን የጻፍኩት ለመኩራራት ነው። ደብተሩ የግሌ ነው፣ ማን ያየኛል።

ፌብሩዋሪ 20፣ ዓርብ

ጠዋት ሊክ ብራንች ሸለቆ፣ እማማ ዜላ ሄንስሊ ቤት። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ልባቸው ደክሟል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንደበታቸው ግን ንክች አላለም። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አንድ ልጃቸው ዶይል ኦሃዮ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጠዋትና ማታ የምትገባላቸው ኦርፋ ፉጌት ናት፤ ከሁሉም ተንከባካቢዎቼ በዕድሜም በሥራም ጠና ያለችው። ስደርስ አጥባ፣ ፀጉራቸውን ጎንጉና፣ የበቆሎውን ዳቦ ምድጃ ከታዋለች።

የአሥራ አራት ቀን ክኒናቸውን በሣጥኑ ክፍሎች ደረደርኩ። ኦርፋ አጠገቤ ቆማ ታያለች። ማየት ይፈቀድላታል፣ መሙላት አይፈቀድላትም። ከዚያ የዕለት መዝገቧን ገለጥኩና ራሴን ያዝኩ። እያንዳንዱ ቀን ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ «ክኒናቸውን ሰጠኋቸው» ይላል።

«ኦርፋ፣ ስንቴ ልንገርሽ? ‹ሰጠኋቸው› አይባልም። ተንከባካቢ መድኃኒት ለመስጠት ፈቃድ የላትም። ማስታወስ ብቻ ነው የሚፈቀድልሽ። ‹አስታወስኳቸው› ብለሽ ጻፊ።»

«አላስታወስኳቸውማ፣ እትዬ። እሳቸው መች ረሱ? የረሳው እጃቸው ነው።»

እማማ ዜላ ከወንበራቸው ሆነው ሳቁ። «እውነቷን ነው። እንዲያውም ክኒኑን የማስታውሳት እኔ ነኝ። እሷ አፌ ውስጥ ታደርገዋለች። እንግዲህ ማን ለማን ምን እንዳደረገ ያ ቢሮ ቁጭ ብሎ ይፍረድ።»

«ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልጽፍም» አለች ኦርፋ፣ ዳቦውን እያወጣች። ቤተ ክርስቲያናችን መሐላ ይከለክላል፤ አዎ ማለት አዎ ነው። ሁላችንም ይህን እንሰማለን፤ የምትኖርበት ኦርፋ ናት። እኔም ሳቅኩና ተውኩት። መተው አልነበረብኝም።

ፊርማ ላይ እማማ ዜላ፣ «እጄ ዛሬ ሰው ሆኗል፣ ሳይከዳኝ አስፈርሚኝ» አሉ። «ደግሞ የዛሬውን ብቻ አይደለም፣ የሚቀጥሉትንም አምጪ። ባለፈው አንድ ፊርማ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ በገዛ ስሜ አፈርኩ።»

«ባዶ ወረቀት ላይ ሊፈርሙ ነው?»

«አንቺን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው? ስለ ኦርፋ ከሆነ መልካሙን ሁሉ ጻፊ፤ ፈርሜበታለሁ።»

አራት ቅጽ ላይ ፈረሙልኝ። አንዱ የዛሬ ነው። ሦስቱ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። ይህን የማደርገው እኔ ብቻ አይደለሁም።

ፌብሩዋሪ 27

አምስት ቤት። ምሳ የለም። የዴልመር ኮርኔት ኦክሲጅን ቱቦ ተቆልምሞ ነበር፣ ደርሼ አቃናሁት። አርባ ዓመት ከሰል የቆፈረ ሳንባ ነው፤ ይህም ተርፎ ሰው ይሰድባል። «ዘገየሽ፣ ሞቼ ብጠብቅሽስ?» ይለኛል። መኪናው ብሬኩ ይጮኻል። በርል ስለ ፈቃዱ ሁለት ጊዜ ደወለ።

ማርች 4፣ ረቡዕ

በበረዶው ላይ ሌሊቱን ዝናብ ጣለበት። ወንዙ ቡናማ ሆኗል።

ቢሮ የቆየሁት ለሃያ ደቂቃ ነው። ከሐኪሞች የመጡ ፋክሶች ከትሪው ሞልተው ፈሰዋል፤ የበርል ጋዜጣ ደግሞ ከላይ። ነገ አያቸዋለሁ።

ማርች 6፣ ዓርብ

ጎርፉ የሊክ ብራንችን ድልድይ ሰበረው። ማንም አይሻገርም። እግዜር ይመስገን ኦርፋ ቤቷ በማዶ ነው፤ ከእማማ ዜላ በእግር አሥር ደቂቃ።

ረፋዱ ላይ ደወለች። ስልኩ ይቆራረጣል።

«እትዬ አርቬላ፣ ሣጥኑ ባዶ ነው። የመጨረሻውን ትናንት ወሰዱ። አንቺ ካልመጣሽ ምን ይሻላል?»

«ስሞላ አይተሽ የለ? ጠርሙሶቹ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ልክ እኔ እንደማደርገው አድርጊ።»

«አይፈቀድልሽም ብለሽኛል እኮ።»

«ኦርፋ፣ ልባቸው ያለ ክኒን ስንት ቀን የሚያድር ይመስልሻል? ሙይና ስጫቸው። የቀረውን ለኔ ተይው።»

«እሺ እትዬ። አንቺ ካልሽ።»

ምን ማለት ነበረብኝ? ዋና ብማር ኖሮ እዋኝ ነበር።

ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ወረቀቶቼን ጨረስኩ። የዛሬዎቹ ሁሉ ተሟልተዋል። የሊክ ብራንችም።

ማርች 10፣ ማክሰኞ

በድልድዩ ላይ ሳንቃ አነጠፉበት፤ መኪና ቀስ ብሎ ያልፋል። ወደ እማማ ዜላ ልወጣ ሞተር አስነስቼ ነበር። ከዚያ አጠፋሁት። በአራት ቀን ውስጥ ሁለት ጉብኝት ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ወረቀቱ ላይ የሚቀጥለው ማርች 20 ነው። ኦርፋ አለችላቸው።

ማርች 13፣ ዓርብ

ኦርፋ ደወለች። እማማ ዜላ ክንዳቸው ላይ ሰማያዊ ነገር ወጥቷል፤ «ሰው የቆነጠጣቸው ይመስላል፣ እኔ ደግሞ በለስላሳ ጨርቅ ነው የማጥባቸው» ትላለች። የእርጅና ቆዳ ነው አልኳት። እውነትም ያረጀ ቆዳ እንዲህ ያደርጋል። ሰባት ቤት ነበረኝ። ዴልመር ትኩሳት አለው።

ማርች 18፣ ረቡዕ

እማማ ዜላ ሆስፒታል ናቸው። ጠዋት ኦርፋ ስትገባ አፍንጫቸው ሲደማ አገኘቻቸው፤ አልቆም አለ። ከዚያ ንግግራቸው ተሳሰረ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል ይላሉ።

ለልባቸው የሚወስዱት የደም ማቅጠኛ ክኒን ነው። ብዙ ሰው ላይ ይህ ይደርሳል፣ በትክክል እየወሰዱም።

ማርች 20፣ ዓርብ

ጎህ ሲቀድ አረፉ።

ዛሬ የጉብኝታቸው ቀን ነበር። በቀይ ተከቦ ተሰቅሏል። ላነሳው ወንበር ላይ ወጣሁና እንደተሰቀለ ትቼው ወረድኩ።

ማርች 23፣ ሰኞ

ቀበርናቸው፣ ከቤታቸው በላይ ኮረብታው ላይ፣ ከባላቸው ጎን። መሬቱ ጭቃ ነው። ልጃቸው ዶይል ከኦሃዮ መጥቶ በጥቁር ጫማው ሲንሸራተት አየሁት። ምግብ ላይ ሳለን ለሚስቱ፣ «ብቻዋን ነበረች ከናቴ ጋር፤ ምን እንደሰጠቻት ማን ያውቃል?» ሲል ሰማሁ። ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም። ኦርፋ ከሁለት እርምጃ ላይ ቆማ ሳህን ታነሳ ነበር። ማንሳቷን ቀጠለች።

እኔም ሰማሁ። የድንች ሰላጣዬን በላሁ።

ማርች 29፣ እሁድ

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ማንም የለም። የፋክሱን ትሪ ሥራዬ ብዬ አራገፍኩት። ከበርል ጋዜጣ ሥር አገኘሁት። የእማማ ዜላ ሐኪም፣ ማርች 3። «የደም ማቅጠኛውን ክኒን ከነገ ጀምሮ በግማሽ ቀንሱ።»

በግማሽ። ኦርፋ ልክ እኔ እንደማደርገው ሙሉውን አድርጋለች። እኔ አድርጊ ባልኳት መሠረት።

አላየሁትም ነበር። ማርች 4፣ ረቡዕ ዕለት፣ ጋዜጣውን ገፋ ሳደርግ «ሄንስሊ» የሚል ስም አይቻለሁ፤ ግን ሄንስሊ የሚባል በዚህ አገር ሞልቷል።

የማርች 6ቱን ቅጽም አውጥቼ አየሁት። መሐሉ ላይ የታተመ መስመር አለ፦ «የክኒን ሣጥኑ በሐኪሙ የመጨረሻ ትእዛዝ መሠረት በነርስ ተሞልቷል።» ምልክት ተደርጎበታል። ከሥር የእማማ ዜላ ፊርማ፣ እጃቸው ሰው በሆነበት ቀን የፈረሙት።

ይህ ደብተር ማስታወሻ ነው። ማስታወስ ያለ ፈቃድም ይቻላል፤ ለአሥራ አንድ ተንከባካቢ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ኤፕሪል 1፣ ረቡዕ

መጡ። ሁለት ተቆጣጣሪዎች ናቸው። አለቃዋ ወይዘሮ ብሪንገር፣ ዝምተኛ፣ መነጽር በክር ያንጠለጠለች፣ የራሷን ሳንድዊች ይዛ የመጣች። ሆስፒታሉም እማማ ዜላ ደም ውስጥ ማቅጠኛው በዝቶ እንደተገኘ ጽፎላቸዋል። ስለዚህ የመጡት ለፈቃዱም ለሞቱም ነው።

የኦርፋን መዝገብ ዘረጋችው። «ሰጠኋቸው። ሰጠኋቸው። ሰጠኋቸው።» ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

ኦርፋን ለብቻዋ አነጋገሯት። ስትወጣ ቀና ብላ አላየችኝም። ቀጥሎ እኔ ገባሁ።

«ተንከባካቢዋ በማርች 6 በስልክ ‹ሙይና ስጫቸው› እንዳሏት ትናገራለች» አለች ወይዘሮ ብሪንገር። «የእርስዎ ቅጽ ግን በዚያው ቀን በአካል ሄደው ሣጥኑን እርስዎ እንደሞሉት ይናገራል።»

«አዎ።»

«ጎርፍ ነበር አሉ።»

«በእንጨት ቆራጮቹ መንገድ፣ በጀርባ ዞሬ ገባሁ።»

«በስልክስ ምን አሏት?»

«አስታውሻቸው ነው ያልኳት» አልኩ።

ጻፈችው። ቃሉ ከአፌ የወጣው ያለ ምንም ችግር ነው።

ኤፕሪል 3፣ ዓርብ

ስቅለት። ቢሮው ዝግ ነው፤ በርል ግን የጽሑፍ ቃሌን ለማስፈረም ቤቴ መጣ። ሁለት ገጽ። ነገሩን ጠበቃ ነው ያሳመረው፦ ነርሷ ሄዳ በትክክል ሞልታለች፣ ተንከባካቢዋ ያለ ፈቃድ ከሣጥኑ ውጪ ጨምራ ሰጥታለች።

«ጨምራ መስጠቷን ማን አየ?» አልኩት።

«ወረቀቱ አየ» አለኝ። ከዚያ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለዘብ አለ። «አርቬላ፣ ስሚኝ። ፈቃዱ ከተወሰደ ሠላሳ ሰው ነው ሜዳ ላይ የሚወድቀው። ሌላው ድርጅት ከሁለት አውራጃ ማዶ ነው፤ ጥርጊያ መንገድ አልወጣም ብሏል። ዴልመርን ማን ያያል? አንቺ ንገሪኝ።»

ይህ እውነት ነው። ስፈርም ያሰብኩት ስለ ዴልመር ነው። በአብዛኛው።

ኤፕሪል 12፣ እሁድ

ቤተ ክርስቲያን። በኛ ዘንድ አንዱ ስንኙን ይመራል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ ከሴቶቹ ወንበር ድምፅ የምታነሳው ሁልጊዜ ኦርፋ ነበረች። ዛሬ አላነሳችም። መዝሙሩ መሬት ለመሬት ሄደ። ጸሎት የሚፈልግ ሲባል ተነሳችና፣ «ለእጄ ጸልዩልኝ» አለች። ሽማግሌው፣ «አሞሽ ነው እህት ኦርፋ?» ቢሏት፣ «አላውቅም» ብላ ተቀመጠች።

እጃቸውን ሊጭኑላት ከበቧት። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ቦታ አልነበረም።

ኤፕሪል 15

የኦርፋ ደብዳቤ ደረሰ፤ ቅጂው ለኛም መጣ። ስሟን ጥቁር መዝገብ ውስጥ ሊያስገቡት ነው። እዚያ የገባ ሰው በዚህ ግዛት ውስጥ ሽማግሌም ሆነ በሽተኛ እየተከፈለው ዳግም አይንከባከብም፤ ዕድሜ ልኩን። መከራከር ከፈለገች ኤፕሪል 23 ትቅረብ ይላል። ምክንያቱ በአንድ መስመር፦ «ከታዘዘው መጠን እጥፍ ሰጥታለች።»

እጥፍ። የግማሹ እጥፍ ሙሉው ነው፤ እንዲህ ሲጻፍ ግን ሌላ ነገር ይመስላል።

ኤፕሪል 17፣ ዓርብ

ኦርፋ የሥራ ካርዷንና የእማማ ዜላን ቤት ቁልፍ ልትመልስ ቢሮ መጣች። በርል የለም። ተቀመጪ አልኳት፣ ቆመች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እጥፍ ይላሉ። እኔ አንዳንድ ያደረግኩ ነው የሚመስለኝ፣ አንቺ ስታደርጊ እንዳየሁት። ሁለት ሁለት አድርጌ ይሆን?»

ፋክሱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ከጉልበቴ አንድ ስንዝር።

«በዚያ ጭንቀት ማን ያስታውሳል» አልኳት። ይህን ነው ያልኩት። እዚህ የምጽፈው እንዳልክደው ነው።

«አንቺ መጥተሽ ነበር ደግሞ አሉኝ። እኔ አላየሁሽም። ግን ወደ ቤቴ ሄጄ ሳለሁ መጥተሽ ይሆናል። አንቺ አትዋሺም።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ በጣቷ ወደኔ ገፋችው። «ስልኩም ይቆራረጥ ነበር። ‹አስታውሻቸው› ብለሽኝ ይሆናል፤ እኔ ‹ስጫቸው› ብዬ ሰማሁ። ለተቆጣጣሪዋ ያልሆነ ነገር ነግሬያት ከሆነ ይቅር በዪኝ።»

ይቅር በዪኝ አለችኝ። እኔን።

ምን መለስኩ? «አይዞሽ» አልኳት። በሩ ጋ ስትደርስ ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች፣ እንደሚበርደው ሰው። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ ዛፉ ሁሉ አብቧል።

ኤፕሪል 19

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። አውቃለሁ። ወረቀቱ ነው የያዘኝ። ማርች 10 መንገዱ ሲከፈት፣ ወይም ማርች 13 ኦርፋ ስትደውል ብሄድ ኖሮ ክንዳቸውን አይ ነበር። ማንም ነርስ ያን ክንድ አይታ ዝም አትልም። ያልሄድኩት ሄጃለሁ የሚል ወረቀት ስለነበረ ነው። በአንዲት ባዶ ቅጽ ምክንያት፣ መንገዱ ተከፍቶ ሳለ ስምንት ቀን።

ኤፕሪል 22፣ ረቡዕ

ነገ እኔም ምስክር ነኝ። በርል ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጸጉሩን ተቆርጦ መጥቷል። «የጻፍሽውን ብቻ ድገሚ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» አለኝ። በግማሽ መቀነስ ነበር ሥራዬ፣ ልለው ፈለግሁ።

ዛሬ ዴልመር ዘንድ ነበርኩ። በረንዳው ላይ፣ ቱቦው አፍንጫው ላይ፣ ዓይኑ ኮረብታው ላይ። ለራሴ እንደማወራ ሆኜ፣ «ፈቃዳችን ቢወሰድ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ወደ አረጋውያን መጦሪያው ይወስዱኝና በአንድ ወር እሞታለሁ።»

«እንዲህ አትበል።»

«ጠየቅሽኝ፣ መለስኩ። ለምን ትጠይቂያለሽ ታዲያ?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ኦርፋ ጸጉሬን ትቆርጠኝ ነበር፣ ተራዋ ባልሆነ ቀን እንኳ እየመጣች። ዜላን ገደለች ይላሉ። እኔ አላምንም። አንቺስ?»

«አላምንም» አልኩት።

«ታዲያ ንገሪያቸዋ» አለ፣ ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ሰው።

ይህ ሰው ራሱን ወደ መጦሪያው የሚወስደውን መንገድ እየጠረገ መሆኑን አልነገርኩትም። ልነግረው ይገባ ነበር ወይስ አይገባም? ስመለስ መንገዱ ዳር መኪናውን አቁሜ አለቀስኩ፤ ለዴልመር፣ ለኦርፋ፣ ለእማማ ዜላ። ከዚያ እውነቱን ልናገር፣ ለራሴም። ነርስ ካልሆንኩ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ ሌላ ነገር ሆኜ አላውቅም።

ቦርሳዬን ፈትሼ የቀሩትን ሁለት ባዶ ቅጾች አገኘኋቸው። ፊርማው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው፦ «ዜ» ትልቅ፣ ቀጥ ያለች፣ የመጨረሻው ፊደል ብቻ ትንሽ የተንሸራተተ።

ስሙን አይቼዋለሁ። ረቡዕ፣ ማርች 4። ሄንስሊ፣ ዜላ። ሙሉ ስሙን። ጋዜጣውን መልሼ ከላይ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ ስለነበረኝ።

ኤፕሪል 23፣ ሐሙስ

ተናገርኩ።

ክፍሉ ትንሽ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ዳኛ፣ ወይዘሮ ብሪንገር፣ በርል፣ ጠበቃው። ኦርፋ በእሁድ ልብሷ፣ እጆቿ ከጠረጴዛው በታች። ዳኛው መሐላ ሲጠይቃት እንደ እምነታችን «እውነት እናገራለሁ፣ አልምልም» አለች። እኔን ሲጠይቀኝ ያንኑ አልኩ። አፈርኩ።

ፋክሱን አወጣሁ። ከዚያ አንዷን ባዶ ቅጽ ከማርች 6ቱ ጎን አደረግኋት። ሁለት ፊርማ፣ የአንድ ቀን። «አልሄድኩም» አልኩ። «የእንጨት ቆራጮቹ መንገድም ውሸት ነው። ሙይና ስጫቸው ያልኳት እኔ ነኝ። ያደረገችው ልክ እኔ እንዳልኳት አንዳንድ ነው። ግማሽ ይሁን የሚለውን ትእዛዝ አንብቤ ልነግራት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።»

በርል ተነስቶ ወጣ። ወይዘሮ ብሪንገር መነጽሯን አውልቃ ለረጅም ጊዜ ቅጿን አየች። «ሴትየዋ ሳይሞላ ፈረሙልዎት?» አለችኝ።

«ያምኑኝ ነበር» አልኳት።

ስናገር ወደ ኦርፋ አላየሁም። ስንወጣ የእህቷ መኪና ይጠብቃት ነበር፤ ገባች፣ ሄዱ።

ሁለተኛዋን ባዶ ቅጽ ለምን እንዳስቀረኋት አላውቅም።

ሜይ 8፣ ዓርብ

የኦርፋ ስም ጥቁር መዝገብ ውስጥ አይገባም። ከዚያ በቀር ሁሉም የፈራሁት ሆነ። ፈቃዱ ተወሰደ። በርል ጽሕፈት ጠረጴዛዎቹን ለትምህርት ቤት ሸጠ፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። የነርስነት ፈቃዴን በፖስታ መለስኩ፤ ከኔ ባይመጣም ይወስዱት ነበር።

ዴልመርን ማክሰኞ ወደ መጦሪያው ወሰዱት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ። ሻንጣውን እኔ ነኝ ያሰናዳሁለት። ምክንያቱን ነገርኩት፤ እኔ መሆኔን። ቱቦውን አፍንጫው ላይ አስተካከለ። «ንገሪያቸው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ። «የመስኮት አልጋ እንዲሰጡኝ ብቻ ደውይልኝ።»

ደወልኩ። መስኮቱ መኪና ማቆሚያውን ነው የሚያሳየው።

ሜይ 24፣ እሁድ

የመቃብር ማስዋቢያ ቀን። ሁሉም ዘመድ አዝማዱ በኮረብታው ላይ ነው፤ ሣር ይታጨዳል፣ አበባ ይደረጋል፣ ልጆች በድንጋዮቹ መሐል ይሯሯጣሉ። ሰው ሰላም ይለኛል፣ ይህን ያህል ብቻ። የእናቴን ከጨረስኩ በኋላ ወደ እማማ ዜላ ወጣሁ። ኦርፋ እዚያ ነበረች፣ ተንበርክካ አረም ትነቅላለች። ልመለስ ስል፣ «ነይ» አለችኝ፣ ሳትዞር።

ከጎኗ ተንበረከክሁ፤ ጉልበቴ ጮኸ። ለትንሽ ጊዜ አብረን አረምን።

«አምስት ሳምንት» አለች ኦርፋ። «አምስት ሳምንት እጄን አላመንኩትም። ለልጅ ልጄ ወተት ስቀዳ እፈራው ነበር። ስሜ መዝገብ ውስጥ ገባ አልገባ፣ ጭንቀቴ ለእሱ አልነበረም። ገድያቸው እንደሆነ ነበር ማወቅ የፈለግሁት። አንቺ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ቢሮ መጥቼ ጠይቄሻለሁ።»

«ጠይቀሽኛል።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጇን አነሳች፣ ጭቃ የያዘውን። «እሱን ለሌላ ቀን ተይው። ጻፊልኝ። እጄ ንጹሕ እንደሆነ ጻፊልኝ፣ ቀን ይኑረው፣ ፊርማ ይኑረው። አንቺ የጻፍሽውን ነው ሰው ሲያምን የኖረው።»

ቦርሳዬ ውስጥ ሌላ ወረቀት አልነበረም። የመጨረሻዋን ቅጽ አወጣሁ። ጉብኝት የሚለውን አልነካሁም፤ ሣጥን የሚለውን አልነካሁም። የታችኛውን አንድ ጥያቄ ብቻ ሞላሁ፦ «በሽተኛው በተንከባካቢዋ ሥራ ረክተዋል?» አዎ። ቀን፣ ፌብሩዋሪ 20። ፊርማው ተፈርሞ ነበር።

ኦርፋ እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ፊርማው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይህንንስ ከራስሽ ነው የጻፍሽው?»

«አይደለም። እሳቸው ናቸው ያሉኝ። ስለ ኦርፋ ከሆነ መልካሙን ሁሉ ጻፊ፣ ፈርሜበታለሁ አሉኝ። አንቺ ዳቦውን እያወጣሽ ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«ያን ቀን ነበርሽ» አለች።

«ያን ቀን ነበርኩ» አልኳት።